ሰርቨራችን ተመረቀ

ሰቆጣ ውስጥ አንድ ነገር ተጀመረ የሚባለው ኮሚቴ ሲዋቀርለት ነው፤ አለቀ የሚባለው ደግሞ ሲመረቅ። በመሃል ያለው ሥራ የአንድ ልጅ ነው። ይህን ደንብ የጻፈው የለም፣ የሻረውም የለም። የሰፈራችን ዕድር መዝገቡን ትቶ «ሲስተም» ሊያስገባ የተነሳ ጊዜም ያው ሆነ። የበላይ ኮሚቴ ተመረጠ፣ ቁጥጥር ተመረጠ፣ የምርቃት ዝግጅት ንዑስ ኮሚቴ በሰባት አባላት ተዋቀረ። የቴክኒክ ንዑስ ኮሚቴም ተዋቀረ፤ አባሉ አንድ ነው፣ እሱም ስብሰባው ላይ አልነበረም። እናቱ ስለ እሱ ብድግ ብለው ኃላፊነቱን ተቀበሉ፤ ተጨበጨበላቸው።

ልጁን ታውቁታላችሁ፤ በየሰፈሩ አንድ አለ። ላፕቶፕ በመያዙ ብቻ የዲሹ፣ የሬዲዮው፣ የተቆለፈው ስልክና የተረሳው የቴሌብር ሚስጥር ቁጥር ሁሉ ኃላፊ ሆኖ ያደገ ነው። በ2016 ክረምት የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ይፋ ሲደረግ ተመዝግቦ፣ ተምሮ፣ የምስክር ወረቀቱን ወስዷል። ወረቀቱ አሁን ሳሎን ውስጥ ከምርቃት ፎቶው በላይ ተሰቅሏል። እርግጥ ያኔ ያልተመዘገበ አልነበረም። እኔም ተመዝግቤያለሁ፤ የመጀመሪያው ቪዲዮ እስካሁን እየከፈተ ነው።

ልጁ ኮሚቴው ፊት ቀርቦ ሲስተሙ የሚቀመጥበት ሰርቨር እንደሚያስፈልግ አስረዳ። ውጭ አገር ያሉ ኩባንያዎች ትልልቅ ማሽኖቻቸውን ከፋፍለው ያከራያሉ፤ ዲጂታል ኦሽን የሚባለው በወር 4 ዶላር ግማሽ ጊጋ ሚሞሪ ያላት፣ ሊኖድ የሚባለው በ5 ዶላር 1 ጊጋ ያላት ማሽን ይሰጣል፤ ለዕድር ትበቃለች አለ። ቤቱ ጸጥ አለ። ኮሚቴን እንደ ርካሽ ነገር የሚያስደነግጠው የለም። ውድ ቢሆን ፕሮፖዛል ይጻፍበታል፣ ለረጂ ድርጅት ይላካል፣ ልምድ ለመቅሰም ባሕር ዳር ይወረዳል። 5 ዶላር ግን ምን ይደረግበታል? የዕድሩ ዳኛ «ይቺማ የልጅ መጫወቻ ናት፤ ትልቁን አምጣልን» አሉ። ገንዘብ ያዡ በበኩላቸው፣ ሐምሌ 22፣ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ከዘለለ ወዲህ፣ ዶላር የሚባል ቃል ሲሰሙ ኪሳቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። ክርክሩ ከሰንበት ሰንበት ተንከባለለ። በመጨረሻ ባለ 5 ዶላሯ እንድትወሰድ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ለውሳኔው የተጠጣው ሻይና ለስላሳ የማሽኗን የመንፈቅ ኪራይ ይችል ነበር።

አንድ ሰው ከኋላ «ኢትዮ ቴሌኮምም እኮ ቴሌክላውድ የሚባል አለው፤ በብር ነው የሚከፈለው» አለ። «እሱ ይቆየን» ተባለ። ለምን እንደሚቆይ የጠየቀ የለም። ለእኛ ጥሩ ነገር ማለት ሩቅ ያለ ነገር ነው። እደጃችን የሚቆረጠውን የዋግ ነጭ ማር እንኳ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ «ኧረ ይሄስ!» ካላለልን ማርነቱን አናምንም።

ማሽኗ ተመረጠች፤ ኪራይዋ በምን ይከፈል? የእኛ የባንክ ካርድ ኤቲኤም ፊት ሲቆም ጀግና ነው፣ ዶላር ሲጠየቅ ግን ያቀረቅራል። ስለዚህ እንደ ወጉ አሜሪካ ያለ ዘመድ ተፈለገ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሚሠሩት የዕድር፣ የትምህርት ቤትና የሱቅ ድረ ገጾች ስንቱ በአንድ የሜሪላንድ ታክሲ ነጂ ካርድ እንደቆመ እግዜር ይወቀው። የእኛም ዘመድ የካርዱን ቁጥር ሰጠ፤ ተመረቀ፤ ተረሳ። ባለፈው ክረምት ቀዶ ሕክምና አድርጎ ሳምንታት ሲተኛ አንድም የደወለ ሰው የለም። ካርዱ ጊዜው ያለፈበት ቀን ግን ኮሚቴው በሙሉ ተራ በተራ ደወለ። «ጤናህ እንዴት ነው?» ብሎ የጀመረው ጸሐፊው ብቻ ነበር፤ እሱም መልሱን ሳይሰማ «ካርዱስ?» አለ።

ማሽኗ ያለችው ፍራንክፈርት ነው። ይህ ሲነገር ዳኛው ትከሻቸው ሰፋ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕድራችን «የጀርመን ቅርንጫፍ» አለው። ነገሩ ሲገባን ግን እንዲህ ሆነ። ዳኛው ከቤታቸው ሆነው የጎረቤታቸውን መዋጮ ለማየት ስልካቸውን ሲነኩ፣ ጥያቄው ከሰቆጣ ተነስቶ አዲስ አበባ ይገባል፤ ባሕር በር የለንምና በጅቡቲ ወይም በሌላ ጎረቤት አገር አድርጎ ባሕር ውስጥ ወደ ተቀበረው መስመር ይወርዳል፤ አውሮፓ ይደርሳል፤ መልሱን ይዞ በመጣበት ይመለሳል። ጎረቤታቸው ከአጥሩ ወዲያ ተቀምጦ እግሩን እየታጠበ ነው። «ከፍለሃል ወይ?» ቢሉት ይሰማቸው ነበር።

ተከላው የተጀመረው በሌሊት ነው፤ ኔትወርክ የሚሻለው ሰው ሁሉ ሲተኛ ነዋ። ልጁ ጥቁር መስኮት ከፍቶ ነጭ ጽሑፍ እየረጨ ሲያድር እናቱ ቡና ይዘው ገቡና ደነገጡ። መዳፊት አይነካም፣ ሥዕል የለም፣ ፊደሉ ብቻ እንደ ጉድ ይወርዳል። እሳቸው የሚያውቁት አንድ ነገር ነው፦ መጋቢት 6፣ 2016 ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተሙን ሲያሻሽል በተፈጠረ ስህተት ሰዎች፣ ብዙዎቹም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የሌላቸውን ገንዘብ ከማሽን ሲያወጡ አደሩ፤ ባንኩም ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ አደባባይ ለጠፈ። እናት ፊታቸውን አማተቡ። «አንተ ልጅ፣ የወሰድከው ካለ ሳይነጋ መልስ። ፎቶህን ቅርንጫፉ በር ላይ አይቼ የምቆም እናት አይደለሁም።» ልጁ «እማዬ፣ ኡቡንቱ እየጫንኩ ነው» አላቸው። ይህ የበለጠ አሳሰባቸው።

የዘመኑ ልጆች ደግሞ የራሳቸው አመል አላቸው። ትእዛዙን ከኢንተርኔት ወይም ከቻትጂፒቲ ይገለብጣሉ፣ ይለጥፋሉ፣ ኢንተር ይመታሉ፤ ያነበበ ይረገም የተባለ ይመስል። አንድ ፋይል እምቢ ሲል መድኃኒቱ አንድ ነው፦ 777። ትርጉሙ በዚያ ማሽን ላይ የገባ ሁሉ ያንብብ፣ ይጻፍ፣ ያስኪድ ማለት ነው። የአባላቱ ስልክ፣ የቤት ቁጥር፣ የፋይዳ መታወቂያ ፎቶ የሚገባበት ማኅደር ሁሉ 777 ሆኖ ተዘጋጀ። አገሪቱ በዚያው በ2016 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አውጥታለች፤ አዋጅ ቁጥር 1321 ነው። ልጁ ግን ከ1321 ይልቅ 777 ይቀለዋል።

ቀጥሎ ፋየርዎሉን ከፈተ። ፋየርዎል የማይፈለግ ሰው እንዳይገባ በሮቹን የሚዘጋ ነው፤ ከመዝጋት በፊት ግን ለባለቤቱ መግቢያ 22 ቁጥር በር ክፍት ይሁን ብሎ ማዘዝ ያስፈልጋል። ልጁ ይቺን መስመር ዘለላት። ጠዋት ዳኛው «እንዴት አደርክ፣ ጥበቃውስ?» ቢሉት «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ማንም ሊገባ አይችልም» አላቸው። አልዋሸም። እሱም አልገባም።

ማሽኗ ተደምስሳ እንደ አዲስ ተተከለች። በነጋታው የመግቢያውን መዝገብ ቢከፍተው፣ ገና አድራሻዋን እኛ ራሳችን በቃላችን ሳንይዛት፣ ዓለም ሁሉ ሲያንኳኳ አድሯል። «ሩት» ብሎ የሞከረ፣ «አድሚን» ብሎ የሞከረ፣ «ቴስት» ብሎ የሞከረ። ሰው አይደሉም፤ ኢንተርኔት ላይ አዲስ ማሽን ብቅ ባለ በደቂቃዎች ውስጥ እየዞሩ በር የሚገፉ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ባለጠጋ ባንክና ድሃ ዕድር አይለዩም። ልጁ ይህን ለኮሚቴው በጭንቀት አቀረበ። ዳኛው ግን ፊታቸው በራ። «ሳይመረቅ ይህን ያህል ሰው ከጎበኘው ሲመረቅማ!» ብለው ቁጥሩ በሪፖርቱ ውስጥ በስኬት ዓምድ እንዲገባ አዘዙ።

ፓስዎርዱ የዕድሩ ስምና 123 ነበር። ሚስጥር ስለሆነ በዕድሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተለጠፈ፤ እንዳይጠፋም ከላይ ፒን ተደረገ። ልጁ «ኧረ ይቀየር» ሲል ኮሚቴው ተስማማና 1234 አደረገው። የእኔን ፓስዎርድ አትጠይቁኝ፤ ስልክ ቁጥሬን የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

አሁን የአባላቱ ዝርዝር ገባ። ልጁ ገጹን በኩራት ከፈተው፤ ገንዘብ ያዡ መነጽራቸውን አድርገው ጠጋ አሉ። ከላይ እስከ ታች የጥያቄ ምልክት ብቻ። ፊደላችን በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጅ 1999፣ ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ አንዷ ሆሄ 3 ባይት ትይዛለች። ማይኤስኪውኤል የሚባለው መረጃ ቋት ግን በፈረንጅ 2018 እስከ ወጣው እትሙ ድረስ ካልነገሩት በቀር የሚጠብቀው የላቲን ፊደል ነበር፤ ልጁ የገለበጠው መመሪያም ከዚያ በፊት የተጻፈ ነው። «ሀ»ን ስትሰጡት «?» ይላችኋል። ገንዘብ ያዡ ዝርዝሩን ለረጅም ጊዜ አይተው «የከፈለውም ያልከፈለውም እኩል ሆነ፤ ይሄማ መንግሥተ ሰማያት ነው» አሉ። ከዕዳተኞቹ አንዱ እንዳለ ይቆይ የሚል የድጋፍ ሐሳብ አቀረበ።

ፊደሉ ሲስተካከል ደግሞ የእኛ አጻጻፍ ተራውን ያዘ። አንዱ መዝጋቢ ኃይሉ ይለዋል፣ ሌላው ሀይሉ፣ ሦስተኛዋ ሃይሉ። ሰው ሲያነበው አንድ ነው፤ ለማሽኑ ግን ሦስት ሰው ነው። የኽምጣኛ ስም ያላቸው አባላት ሲመጡማ «ኽ» እና «ኸ» ተጨምረው ሰፈሩ በአንድ ሌሊት ተባዛ። አንድ ጎረቤታችን በሦስት ስም ሦስት ጊዜ ውዝፍ ወጣባቸው። ተናደዱ፤ ቀጥሎ ግን አሰቡበትና «ስሞትስ ሦስቱንም ትከፍላላችሁ?» ብለው ጠየቁ።

ከሁሉ የማልረሳው ግን የሰዓቱ ነገር ነው። የወር መዋጮ ማስታወሻ በቴሌግራም ምሽት 1 ሰዓት ላይ ለሁሉም አባል እንዲላክ ተወሰነ። ልጁ «1» ብሎ ሞላ። የፍራንክፈርቷ ማሽን የምትቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ የእኛ ቀን ከጠዋት እንደሚጀምርም የነገራት የለም። የእሷ 1 ሰዓት የእኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ከዕድር መልእክት መጣ። ዕድር በዚያ ሰዓት ሰው የሚቀሰቅሰው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ስልኮቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጮኹ፤ ማን ያነባል? መብራት በራ፣ ውሻ ተነሳ፣ ከየቤቱ «ኧረ ማን ይሆን?» ተባለ። እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሁላችንም አልቅሰናል፤ ለማን እንደሆነ ግን አንጠያየቅም፤ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅማ። እታች ጫፍ ያሉት ሴትዮ ደረታቸውን መምታት ጀምረዋል። በመጨረሻ አንድ ሕፃን የእናቱን ስልክ ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበልን፦ «ውድ አባላችን፣ የዚህ ወር መዋጮዎን 50 ብር እንዲከፍሉ በትሕትና እናሳስባለን።» ያን ወር ውዝፍ አልነበረም። በዕንባ የተሰበሰበ መዋጮ ሙሉ ይሆናል።

ምርቃቱ ለሻደይ በዓል እንዲደርስ ተባለ። ሰቆጣ ውስጥ የማያልቅ ሥራ ሁሉ ለሻደይ ይደርሳል፤ ነሐሴ 16 ልጃገረዶቹ ቅጠሉን ወገባቸው ላይ አስረው ከበሮ ሲመቱ አስፋልቱም፣ ቧንቧውም፣ ሰርቨሩም አብረው መመረቅ አለባቸው። ሪባን ተዘረጋ፣ ኬክ መጣ፣ ፕሮጀክተር ተከራየን። የክብር እንግዳው ሪባኑን ቆርጠው «አሁን ሁላችሁም ክፈቱት» አሉ፤ ሁላችንም ከፈትነው። ባለ 1 ጊጋ ማሽን ሚሞሪዋ ሲሞላ መላ አላት፤ ብዙ የበላውን ፕሮግራም መርጣ ትገድላለች። አብዛኛውን ጊዜ ብዙ የሚበላው ደግሞ መረጃ ቋቱ ነው። ገደለችው። የዕድር ሲስተም በምርቃቱ ቀን የመጀመሪያውን ሟች አስመዘገበ። የክብር እንግዳው ግን አላዩም፤ ንግግራቸው ገና መግቢያው ላይ ነበር። ልጁ ከፕሮጀክተሩ ጀርባ ቁጭ ብሎ ንግግሩ ከማለቁ በፊት አስነሳው። ሁላችንም ዳግመኛ ባንድ ቀን አብረን ስላልከፈትነው እንደገና አልወደቀም።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ መብራትም ስልክም ሳይኖረን ወራት የቆጠርን ሰዎች ነን፤ አሁን ለአንድ ቀን ቢጠፋ አንደነግጥም። ልጁ ሰርቨሩ ውጭ በመሆኑ እንደማይቆም አስቀድሞ አረጋግጦልን ነበር፤ ቃሉን ጠበቀ። ሰቆጣ ጨልማ፣ ታወሩ ዝም ብሎ፣ ስልካችን ባትሪ ጨርሶ ባለበት ሌሊት ሲስተማችን ፍራንክፈርት ላይ ያለ አንዳች እንከን ይሠራል። ዳኛው በኩራዝ ተቀምጠው «አሁንም እየሠራ ነው?» ይሉታል። «እየሠራ ነው፣ ጋሼ።» «ጎሽ» ይላሉ። ሁለታቸውም ሊያዩት አይችሉም።

ከምርቃቱ ወዲያ ያለው ታሪክ አጭር ነው፤ ኮሚቴው ተበትኗልና። አሳሹ ላይ ቁልፍ ምልክቷን የምታመጣው የደህንነት ሰርተፊኬት ሌትስ ኢንክሪፕት ከሚባል ተቋም በነፃ ትገኛለች፤ ዕድሜዋ 90 ቀን ነው፤ ራሷን እንድታድስ ካላዘዟት ትሞታለች። ያዘዛት አልነበረም፤ ሞተች። ገጹ ሲከፈት «ይህ ግንኙነት ደህንነቱ የተጠበቀ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ። ዳኛው አንብበው «እኛስ መቼ ደህና ሆነን!» ብለው ዘጉት። ልጁ ባሕር ዳር ጥሩ ሥራ አገኘ። እሰይ አልን፤ ድግስ ደግሰን፣ መርቀን ሸኘነው። ፓስዎርዱንም አብረን ሸኘነው፤ ከሄደ በኋላ ነው 1234 መሆኑ ቀርቶ ደህና ነገር ማድረጉን ያወቅነው።

ዕድሩ ግን አንድም ቀን አልተዛነፈም። መዋጮው ይሰበሰባል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ሐዘንተኛው ይረዳል። እንዴት ቢባል፣ ገንዘብ ያዡ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለማንም ሳይናገሩ በዚያችው ጫፏ በተበላች መዝገብ ሲጽፉ ኖረዋል። ሲያዙ አላፈሩም። «ልጁ ባክአፕ ያስፈልጋል ሲል ሰማሁት» አሉ። ከኮሚቴው ሁሉ ትምህርቱ የገባቸው እሳቸው ብቻ ናቸው።

የ5 ዶላር ማሽን ጥፋት የለባትም። የተሰጣትን ትሠራለች፣ ካልከፈሏት ትዘጋለች፣ ካላደሷት ታረጃለች። ለምርቃቷ ሰባት ሰው የመደብን እኛ ነን፤ ለማግስቷ ማንንም ያልመደብን እኛ ነን። እናንተም ዘንድ በዕድሩ፣ በትምህርት ቤቱ ወይም በቢሮው የተመረቀ ሰርቨር ካለ ዛሬውኑ ሦስት ነገር ጠይቁ። ፓስዎርዱ ከአንድ ሰው ሌላ ማን ዘንድ አለ? የሚቀጥለውን ወር ማን ይከፍላል? ቅጂው ከማሽኗ ውጭ የት ተቀምጧል? መልሱ «ልጁ ያውቃል» ከሆነ፣ ልጁ ባሕር ዳር ሳይሄድ ድረሱበት።